ከገጽ አርባ አንድ የወደቀችው መስመር

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ የእድራችን ዳኛና ሽማግሌዎች፣ በዚህ ጭቃ ከደብረ ወርቅና ከሉማሜ የመጣችሁ ዘመዶች፣ የየሺዋስ የሥራ ባልደረቦች፣ እሱ ያስተማራችሁ ሁሉ፣ እናንተም እናቶቼ። እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናን። ዝናቡ ተመልሶ ሳይመጣ እጨርሳለሁ፤ ጥቂት ታገሡኝ።

ለማታውቁኝ፣ ጌቱ እባላለሁ። መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለችው የኮምፒውተር ጽሕፈትና ማተሚያ ቤት የኔ ናት። አሁን የተነበበውን የየሺዋስን የሕይወት ታሪክም ትናንት የተየብኩት እኔ ነኝ። ሰምታችሁታል። መቼ ተወለደ፣ የት ተማረ፣ ስንት ዓመት አስተማረ። አንድ ገጽ ነው። ባለቤቱ የብርጓል ጽፋ የሰጠችኝ ግን ገጽ ተኩል ነበር። ለቅሶ ላይ ያለች ሴት የጻፈችውን፣ በአንድ ገጽ እንዲገባልኝ ብዬ ቆረጥኩት። እጄ ለምዶበታል። ቆርጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው ምን እንዳደረግሁ ያየሁት። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ከዚያ አንድ ገጽ የተረፈውን ልናገር ነው።

ዓይናችሁ ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ። በጆሯችሁ እኔን ትሰማላችሁ፤ በዓይናችሁ ወደ ኋላ፣ ወደዚያ ጽድ ሥር ትመለከታላችሁ። ጋሽ ደምለው እዚያ ቆመዋል። የእድር ነገር ግድ ሆኖባቸው መጥተዋል፤ አፈር ሲመለስ ግን አካፋ አልነኩም። ሁላችንም አይተናል። ሲቀበር ቆሜ የምናገረው አለኝ ብለዋል ተብሎ ከተማው ከትናንት ጀምሮ ሲያወራ ነው የዋለው። ሽማግሌዎችም ዛሬ ጧት ቤታቸው ድረስ ሄደው ይቅርብዎ ብለው ለምነዋቸዋል። ጋሽ ደምለው፣ መናገር መብትዎ ነው። ማንም አይከለክልዎትም። ግን እባክዎ ልቅደምዎት። ነገሩ እርስዎን ይመለከታልና ሳልጨርስ አይሂዱብኝ።

የሺዋስ ማን ነበር?

በልጅነቱ ደብረ ወርቅ የቆሎ ተማሪ ነበር። መምህሩ መሪጌታ ታዲዮስ ይባሉ ነበር። እኚህ ሰው አንድ ሥርዓት ነበራቸው፤ የሺዋስ መቶ ጊዜ ነግሮኛል። ተማሪው ቆሞ ሲያነብ አንዲት ቃል ከጣለ፣ አይገረፍም፣ አይሰደብም። ቃሏን የጣለው ራሱ፣ ሲጥላት በሰሙት ሰዎች ፊት፣ ተመልሶ ያነሣታል። ጓደኛው አያነሣለትም። መምህሩም አያነሡለትም። እሱ እስኪያነሣት ድረስ ንባቡ ባለበት ይቆማል። አንዴ አንድ ተማሪ አኩርፎ እንቢ ብሎ፣ ንባቡ ሦስት ቀን እንደቆመ ነግሮኛል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ከዚያ ዘመናዊ ትምህርት ገባ፣ የአማርኛ መምህር ሆነ፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ ሃያ ስድስት ዓመት አስተማረ። ይህን ታውቃላችሁ። በዚህ ከተማ እንደሱ የስብዕና ግንባታ መጽሐፍ ያነበበ ሰው እንደሌለስ ታውቃላችሁ? መጽሐፍ አዟሪዎች አዲስ ነገር ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነበር። በሠላሳ ቀን ራስህን ቀይር። ውስጥህ የተኛውን ኃይል ቀስቅስ። ሐሳብህን አስተካክል፣ የቀረው ራሱ ይመጣል። ሁሉን ይገዛል፣ ሁሉን ያነባል፣ ከዚያ እኔ ሱቅ መጥቶ ይበሳጫል። እኔ ደግሞ ሥራዬ መተረብ ነው። ይኸው ሃያኛውን ጨረስክ፣ እስካሁን ያው የሺዋስ ነህ እለዋለሁ። ይስቃል። ሲስቅ ትከሻው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ታስታውሳላችሁ። ችግሩ ምን መሰለህ ይለኛል፤ ሁሉም አንተ በቂ ነህ ይላሉ፣ ተነሥተህ የበደልከውን ሰው ይቅርታ ጠይቅ የሚል ግን አንድም አላገኘሁም። ይህን ሲል ሲል ኖሮ በመጨረሻ ራሱ ጻፈው።

«ሰባት ጧት» አለው። ዘጠና ስድስት ገጽ። ለሱባኤ ሰባት ቀን፣ ለእያንዳንዱ ጧት አንድ ሥራ። በመጀመሪያው ጧት ከማንም ጋር ሳትነጋገር ተቀመጥ። በሁለተኛው ያስቀየምከው ሰው ዘንድ ሂድ። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

መጽሐፉ በወጣ ሰሞን ሉማሜ ወርደን ሻይ ቤት ተቀመጥን። አውቶቡስ ሲቆም የሺዋስ መጽሐፉን ይዞ ተነሥቶ ተሳፋሪውን ያናግራል። አንድ ሾፌር ገዛው። ቆሞ ገለጠው፤ የገለጠው ሁለተኛው ጧት ላይ ነበር። ሻዩን ሳይጨርስ አስቀመጠና ስልኩን አወጣ። በድንበር ነገር አራት ዓመት ያኮረፈው ወንድም ነበረው። እዚያው በረንዳው ላይ ሲያወራ፣ ሲያለቅስ፣ እንደገና ሲያወራ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ተሳፋሪው ሊበላን ደረሰ። የሺዋስ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ፣ እያንዳንዱን ሰው ጎንበስ እያለ ይቅርታ ጠየቀ። ወርዶ ሲመጣ፣ ጌቱ፣ ሠራ እኮ አለኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ሦስተኛው ጧት ገጽ አርባ አንድ ላይ ነው። ከዛሬ ጀምረህ እስከ ሰባተኛው ጧት የለመድከውን ሁሉ ጹም ይላል። ስልክህን፣ ሐሜትህን፣ ያለሱ አልኖርም የምትለውን ሁሉ። እዚያ ላይ ያበቃል። እንደዚያ ታተመ፤ እንደዚያ ተሸጠ።

ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ወይዘሮ ብዙዬ፣ የጋሽ ደምለው ባለቤት፣ ያንን መጽሐፍ ይዘው ሱባኤ ገቡ። እኛ እንዴት እንደምንጾም እናውቀዋለን። እስክናስቀድስ ውሃ በአፋችን አይዞርም። ክኒን ደግሞ በውሃ ነው የሚዋጠው። ስንቶቻችን ነን ጾም ሲገባ የጧቱን ክኒን ወደ ከሰዓት የምናሻግር? ስንቶቻችን ነን ከነጭራሹ የምንዘልለው? ሐኪሞቹስ ስንት ጊዜ ተቆጡን? ወይዘሮ ብዙዬ የልብ መድኃኒት ነበራቸው። ጧት ጧት ይወስዱት ነበር። ያለሱ አይኖሩም ነበር። መጽሐፉ ደግሞ ያለሱ አልኖርም የምትዪውን ሁሉ ጹሚ አላቸው። ጾሙት። በሰባተኛው ቀን ከቅዳሴ ሲመለሱ የግቢያቸው በር ላይ ወደቁ። ሐኪም ቤት ደርሰው ነበር፤ ግን አልተረፉም። ያልተዋጡት ክኒኖች ከነመያዣቸው በመጽሐፉ ውስጥ ተገኙ። ገጽ አርባ አንድን ምልክት ያደረጉት በእነሱ ነበር።

ከአርባቸው በኋላ ባለው እሑድ፣ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ጋሽ ደምለው መጽሐፉን ከፍ አድርገው ይዘው የሺዋስን አስቆሙት። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ይህን የጻፍከው አንተ ነህ ወይ አሉት። እኔ ነኝ አለ። ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረም። እኔ ከሱ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ? ታውቁት የለም እንዴ። ሰላምታ ነሣነው። መጻሕፍቱን በአጥሩ ላይ ወረወርንበት። ከባዕድ አገር የመጣ ትምህርት ነው ተባለ። ልጆቻችንን አያስተምርብን የሚል ማመልከቻ ተጻፈ፤ ማመልከቻውን የተየብኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ ነው ብዬ። ሦስት ቅጂ አወጣሁ።

አሁን የማልፈልገው ቦታ ደረስኩ። አባቶቼ፣ ግን እናገራለሁ።

ጋሽ ደምለው ባስቆሙት በዚያው እሑድ ከሰዓት በኋላ የሺዋስ ሱቄ መጣ። በአንድ እጁ የታተመውን መጽሐፍ፣ በአንድ እጁ በስክሪብቶ የጻፈውን ረቂቅ ይዟል። ጎን ለጎን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቸው። ረቂቁ ላይ ጣቱን አደረገ።

«ጌቱ፣ ይህቺ መስመር የት ሄደች?» አለኝ።

ገጽ አርባ አንድ መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ነበረች። ስለ መድኃኒት የምትናገር። ሳሰናዳው ያቺ መስመር ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈችብኝ፤ እሷ ስታልፍ ምዕራፉ ሁሉ ገፋ፤ መጽሐፉ ከዘጠና ስድስት ገጽ ወደ ዘጠና ሰባት ሄደ። የኅትመት ሥራ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለአንዲት ገጽ ሲባል ሌላ ሙሉ ወረቀት አጥፎ መጨመር፣ ወጪውም ሊመጣ ነው። ቆረጥኳት። ገጹ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እውነቱን ልናገር። ሳነባትም አልወደድኳትም። የምዕራፉን ሙቀት ታበርዳለች አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር አነቃቂ መጽሐፍ ውስጥ አይጻፍም፣ ሰው ይስቅበታል አልኩ። የሺዋስ የእርማት ቅጂውን አንብቦ ይታተም ብሎ ከፈረመ በኋላ ነው የቆረጥኳት። መጽሐፉ ሲታተምም አልነገርኩትም። ማን ያያታል ብዬ።

አታጉረምርሙ። ልጨርስ። የብርጓል፣ አንቺም ዛሬ ነው የምትሰሚው። ፊትሽን እያየሁ ነው። ይቅር በዪኝ አልልሽም ገና፤ ልጨርስ።

ገጹ ሞልቶብኝ ነው አልኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ እወድ ነበር። ወረቀቶቹን ቀስ ብሎ ሰበሰበና እንዲህ አለኝ።

«ሽፋኑ ላይ ያለው የኔ ስም ነው። የኔን እኔ አነሣለሁ። የአንተን ግን አንተው ታነሣታለህ።»

ወጣ። ከዚያ ቀን እስከ ሞተበት ቀን ድረስ አንድም ጊዜ አላነሣብኝም። ሱቄ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናብ እናወራለን። አየው ነበር። እየጠበቀኝ ነበር። አሥር ወር ሙሉ ንባቡን አቁሞ ጠበቀኝ፣ እኔም እንደዚያ አኩራፊ ተማሪ ዝም አልኩ።

እሱ ግን ዝም አላለም። አምስት መቶ መጽሐፍ ነበር የታተመው። ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር ቦርሳውን ይዞ ይወጣል። የገዛውን ሰው እየጠየቀ፣ ከቤት ቤት፣ ከቀበሌ ቀበሌ ይሄዳል። ይሰደባል። ውሻ ይለቀቅበታል። መጽሐፉን ሲሰጡት ገጽ አርባ አንድን ገልጦ ያቺን መስመር ከሥር በእጁ ይጽፋታል፤ ከዚያ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፤ አመስግኖ ይወጣል። አራት መቶ ሠላሳ ደርሶ ነበር።

ደምበጫ የሆነውን ነግሮኝ አብረን ስቀናል። በገበያ ቀን አንዲት በርበሬ ነጋዴ መጽሐፉን ገጽ በገጽ እየገነጠለች በርበሬ ስትጠቀልልበት አገኛት። የቀረውን አሳዪኝ ብሎ ለመናት። ቆጠረ። ከገጽ አርባ ስምንት በፊት ያለው ሁሉ አልቋል፤ አርባ አንድም አብሮ ሄዷል። ምነው እንዲህ ያለ ደንበኛ በበዛልኝ አላት። ሴትየዋ እብድ መስሏት ሁለት ጥቅል በርበሬ በነጻ ሰጥታ ሸኘችው።

ጋሽ ደምለው፣ እርስዎም ቤት ሦስት ጊዜ መጥቷል። ሦስት ጊዜ መልሰውታል። አልፈርድብዎትም፤ እኔም ብሆን እመልሰው ነበር። የመጣው ግን ራሱን ነጻ ሊያወጣ አልነበረም። አንዲት ቃል ቢናገር፣ የቆረጠው ጌቱ ነው ቢል፣ በዚያው ቀን ይገላገል ነበር። ሚስቱ እንኳ ስትጠይቀው አልተናገረም። ሦስት ጊዜ በርዎ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ያንን ቃል ይዞ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ዛሬ የቀበርነው።

እንዴት ሞተ? ከትናንት ጀምሮ ስሰማ የዋልኩትን እናንተም ሰምታችኋል። የገዛ መጽሐፉ ገደለው። ክኒኑን ትቶ ነው። የእጁን አገኘ። ይህን ያላችሁ እዚህ አላችሁ። ወልደ ሰንበት፣ የአጎቱ ልጅ፣ ይኸው እዚህ ቆሟል፤ ጠይቁት። ፍልሰታ ሊገባ ሲል የሺዋስ እንቅልፍ አጣ። ደብረ ወርቅ አካባቢ ያልታረሙ መጻሕፍት አሉ፣ ሰው ሱባኤ ይዞባቸው ሊገባ ነው አለ። ዝናቡ ይቁም ብንለው አልሰማም። ጾሙ በገባበት ጧት ከሚኒባስ ወርዶ፣ በዚያ ማጥ በእግሩ አቀበቱን ጀመረ። መንገድ ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ወልደ ሰንበት ሬሳውን ሊያመጣ ሄዶ ኪሱን ሲያይ የደም ግፊት ክኒኑን አገኘ፤ የዚያን ቀን የጧቱ ተወስዷል። ቦርሳው ውስጥ፣ ባልታረሙት ሊለውጣቸው የያዛቸው፣ ስምንት መጽሐፍ ነበር። ስምንቱም ታርመዋል።

አሁን ተመልከቱ። ጾሙ ትናንት በስቲያ ገባ። ዛሬ ስንተኛው ቀን ነው? ሦስተኛው። በመጽሐፉ ሱባኤ ለያዘ ሰው ዛሬ ሦስተኛው ጧት ነው። ዛሬ ገጽ አርባ አንድ ነው። ወደ ስድሳ የሚሆኑ መጻሕፍት ገና በየቤቱ አሉ። ከመካከላችሁ በአንዱ ሱባኤ የያዘ ሰው አለ። ምናልባት የስኳር፣ ምናልባት የግፊት፣ ምናልባት የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ዛሬ ጧት ትቶ የመጣ ሰው እዚህ ቆሞ ይሰማኛል። የሺዋስ ወደዚያ ሰው ሲሄድ ነው የሞተው። አልደረሰም። እኔ ስለፈራሁ ነው ያልደረሰው። ከአሥር ወር በፊት እዚህ በር ላይ አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ ብናገር ኖሮ፣ በአንድ ቀን አገሩ ሁሉ በሰማ ነበር። እሱ ብቻውን በእግሩ የሄደው እኔ አፌን ስለያዝኩ ነው።

የሺዋስ፣ ወንድሜ።

መቼም አንተ ትሰማለህ ወይ አልልህም፤ እነሱ ይሰማሉ፤ የምትፈልገውም ይህንን ነበር። ረቂቅህን ይዤ መጥቻለሁ። የጽሕፈትህ ነገር እንደ ሁልጊዜው ነው፤ «መ»ህ አሁንም ወደ ግራ ያዘነብላል። ወረቀቷ ዝናብ ነክቷታል፤ ግን ትነበባለች። በጣልኩባቸው ሰዎች ፊት፣ የጣልኳት እኔው፣ አነሣታለሁ። ስሙ።

«መድኃኒት ግን አይጾምም። ሐኪም ያዘዘልህን በሰዓቱ ዋጥ፣ ውሃም ጠጣበት። ጾምህ አይፈርስም፤ ፈረሰ ካሉህም ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

ይህች ናት። ሰው ይስቅባታል ብዬ የቆረጥኳት ይህች ናት። አሁን ማን ሳቀ?

መድኃኒቱን ትቶ የመጣ ሰው ካለ፣ ማንም አያየውም፣ አሁኑኑ ቤቱ ይሂድና ይዋጥ። መጽሐፉ ያላችሁ ነገ ሱቄ አምጡ። የማትመጡትን እኔ እመጣለሁ። የሺዋስ ሲያርምበት የነበረውን ስክሪብቶ የብርጓል ትሰጠኛለች፣ ካልሰጠችኝም የኔን እይዛለሁ። ደብረ ወርቅም እወጣለሁ፣ በዚያው አቀበት።

በእኔ ይሁን ብለህ ነበር የጻፍከው። አንድ ዓመት ሙሉም በአንተ ሆነ። ከዛሬ ጀምሮ ግን በአንተ አይደለም። አንተ ዕረፍ። ሰላምታ የነሣህ ሕዝብ ዛሬ በዚህ ጭቃ ቆሞልሃል፤ ደህና ሁን ይልሃል፤ እኔም ደህና ሁን እልሃለሁ። ንባብህ ከቆመበት ይቀጥላል።

ጋሽ ደምለው ከጽዱ ሥር ወጥተው ወደዚህ እየመጡ ነው። መጽሐፉን ይዘዋል። አትያዟቸው። የሚጠየቀው ሰው እዚህ ቆሟል። መንገድ ልቀቁላቸው።